ከመኪናው በር እስከ ድንኳኑ

የሚነጋገሩት በኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንጋፋው አከርካሪው ተጎድቶ ከእምብርቱ በታች ስሜት የለውም። በዊልቸር ይንቀሳቀሳል፤ በእጅ በሚነዳ ፎር ዊል መኪና ተራራ ለተራራ መዞር ከጀመረ ቆይቷል። ጀማሪዋ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች በአደጋ አጥታ በሰው ሠራሽ እግር ትራመዳለች። ሰመር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ድንኳን ይዛ ለመውጣት ቆርጣለች።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ መኪናውን መርጬ ጨርሻለሁ። ቁመቱ ከፍ የተደረገ፣ ትልልቅ ጎማ የታሰረለት ጂፕ ነው። ድንኳኑም ፖርቶመጋላው ላይ ነው የሚዘረጋው። ሻጩ “ይሄ የማይወጣው ዳገት የለም” ብሎኛል።

አንጋፋው፦ መኪናው ዳገቱን ይወጣው ይሆናል። አንቺስ መኪናው ላይ በቀን ስንት ጊዜ ትወጫለሽ?

ጀማሪዋ፦ መያዣውን ይዤ በቀኝ እግሬ ከተነሣሁ ምንም አይለኝም። ሞክሬዋለሁ እኮ።

አንጋፋው፦ የሞከርሽው መሸጫው ግቢ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ፣ ሳይደክምሽ ነው። ተራራ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ነው የሚውለው። ድንጋዩን ለማየት ይወርዳል፣ ጎማ ለማስተንፈስ ይወርዳል፣ ለሽንት ይወርዳል። አመሻሽ ላይ ቆዳሽ ተቆጥቶ፣ መሬቱ ተዳፋት ሆኖ አስቢው። ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው መኪናውን ከፍ በማድረግ ላይ ነው፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከትከሻዬ ላይ የሚከፈል ነው። የዊልቸሬ መቀመጫ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው መቀመጫ ከዚያ በላይ በራቀ ቁጥር ገላዬን በክንዴ ሽቅብ መሳብ አለብኝ። ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ደግሞ ትከሻው እግሩም ነው፤ እሱ ካለቀ ሌላ መተኪያ የለውም።

ጀማሪዋ፦ ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ በዝቅተኛ መኪና ነው የሚያልፉት?

አንጋፋው፦ ፋብሪካው ባወጣው ቁመት ነው የማልፈው። ጎማው ጥሩ ነው፣ ሆዱ ሥር የብረት መከላከያ አለው፤ የቀረውን መንገድ በመምረጥና ቀስ በማለት አካክሰዋለሁ። አቋቋምም አለው። ስቆም የሾፌሩ በር ወደ ዳገቱ እንዲዞር አደርጋለሁ። በዚያ በኩል መሬቱ ከፍ ስለሚል ዊልቸሩም ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱ መቀመጫዎች ይቀራረባሉ። የዊልቸሩን ፍሬን እይዛለሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፋለሁ፣ ማሻገሪያ ጣውላዬን መሃላቸው አጋድሜ እየተንሸራተትኩ እሻገራለሁ። በሩ ወደ ቁልቁለቱ ቢዞር ኖሮ ያው መኪና ሌላ መኪና ይሆንብኝ ነበር።

ጀማሪዋ፦ ጣራ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳንስ ምን ይሉታል? ከአውሬም ከጭቃም ያርቃል ብለውኛል።

አንጋፋው፦ ማታ ስትተኚ እግርሽን ታወልቂያለሽ። ሌሊት ሽንትሽ ሲመጣ በአንድ እግር፣ በጨለማ፣ ውርጭ በያዘው የብረት መሰላል ነው የምትወርጂው። የሚችሉ አሉ፤ አንቺም አንድ ቀን ትችይ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን መሬት ላይ የሚተከል፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ በሩ ሥር ከፍ ያለ ጠርዝ የሌለው ድንኳን ያዢ። ውስጡ ታጣፊ አልጋ ይኑረው፤ ቁመቱ ከወንበር መቀመጫ ጋር እኩል ይሁን። ከመሬት ላይ ፍራሽ በአንድ እግር መነሣት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጀማሪዋ፦ ጓደኞቼን የሚያሳስባቸው መንዳቱ ነው። “በአንድ እግር እንዴት ኮረኮንች ትነጃለሽ?” ይሉኛል።

አንጋፋው፦ ያጣሽው ግራሽን ስለሆነ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ በነጂነትሽ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚይዘው ቀኝ እግር ነው። የግራ እግር ሥራ ፍሪሲዮን ነበር፤ አውቶማቲክ ላይ ፍሪሲዮን የለም። ቀኝ እግሩን ያጣ ሰው ከፍሬኑ በስተግራ ሌላ ነዳጅ መስጫ ያስገጥማል። እኔ በሁለቱም ስለማልነዳ ከመሪው ሥር ዘንግ አለኝ፤ ወደ ፊት ስገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ጭኔ ስጫነው ነዳጅ ይሰጣል። እሱን በግራ እጄ፣ መሪውን ደግሞ በቀኝ እጄ፣ በላዩ በተተከለች አጭር እጀታ ይዤ አዞራለሁ።

ጀማሪዋ፦ በአንድ እጅ መሪ፣ ድንጋይ ላይ!

አንጋፋው፦ አደጋው እሱ ነው፤ አልደብቅሽም። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ሳይታሰብ ይዞራል፤ ያቺ እጀታ ጣት ትመታለች። ስለዚህ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቼ እግረኛን በማይቀድም ፍጥነት እሄዳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልኛል። ጎማውንም አስተነፍሳለሁ። አስፋልት ላይ 35 ፒ ኤስ አይ የነበረውን ወደ 20 ዝቅ ሳደርገው ጎማው ድንጋዩን ያቅፈዋል፣ የእኔም ገላ አይናጥም። የሆዴና የወገቤ ጡንቻ በወጉ ስለማይታዘዘኝ የመኪናው ቀበቶ ብቻውን አይበቃኝም፤ ደረቴን የሚይዝ ተጨማሪ ማሰሪያ አለኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ቀለል የሚለኝ መንዳቱ ነው። እዚህ ሳን ህዋን ተራሮች ውስጥ አልፓይን ሉፕ የሚባል መንገድ አለ። ሌክ ሲቲን፣ ዩሬይንና ሲልቨርተንን ያገናኛል፤ 65 ማይል ያህል ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማዕድን ቆፋሪዎች የጠረጉት ነው። ኤንጅነር ፓስ የሚባለው ማለፊያ 12,800 ጫማ ነው፤ ወደ 3,900 ሜትር። ያን ዳገት በመኪና የሚወጣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነው የሚወጣው፤ እግር ያለውም፣ እግር የሌለውም። ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር ዓይናችን አንድ ከፍታ ላይ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ይህን የማገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ጀማሪዋ፦ እንግዲያው የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?

አንጋፋው፦ ትራሴ።

ጀማሪዋ፦ ትራስ?

አንጋፋው፦ የዊልቸሬ ትራስ በአየር የተሞላ ነው። ኦሮራ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ልኩን አስተካክዬ እወጣለሁ። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የውጭው አየር ይሳሳል፣ ትራሱ ውስጥ የታሰረው አየር ይለጠጣል። ማለፊያው ላይ ስደርስ ትራሱ እንደ ኳስ ይወጠራል፤ ጥቂት አስተነፍስለታለሁ። አደገኛው መውረዱ ነው። ስወርድ ያስተነፈስኩትን ካልመለስኩለት ይሟሽሽና የመቀመጫ አጥንቴ ከሥር ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ይገናኛል። አንቺ ብትሆኚ ሲቆረቁርሽ ዞር ትያለሽ። እኔ አይሰማኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ የተፈጠረ ቁስል ወራት አልጋ ላይ ሊያውለኝ ይችላል፤ በአልጋ ቁስል የሚሞት ሰው አለ። ስለዚህ በቆምኩ ቁጥር እጄን ከሥሬ አስገብቼ እዳስሳለሁ። በአጥንቱና በትራሱ ወለል መካከል ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚሆን አየር መኖር አለበት። በየሩብ ሰዓቱም፣ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በክንዴ ተደግፌ ገላዬን አነሣለሁ፤ ስነዳም ቢሆን መኪናውን አቁሜ።

ጀማሪዋ፦ ስለ መኪና የሚጽፉት ይህን አይጽፉም።

አንጋፋው፦ አይጽፉም። ስለ ጎማና ስለ ሞተር ነው የሚጽፉት። የእኛ ጉዞ የሚጀምረው ከገላ ነው። ገላሽ የሚፈልገውን አንድ ባንድ ጽፈሽ ስትጨርሺ መኪናው ራሱ ተመርጦ ታገኚዋለሽ። እሳቱን እንደ ምሳሌ ውሰጂ። ካምፕ ላይ ሁሉም ክብ ሠርቶ እሳት ዳር ይቀመጣል። እኔ እግሬ ቢቃጠል የማውቀው ሽታው ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ርቀቴን በዓይኔ እለካለሁ፣ ትኩስ ድስትም ሆነ ሻይ ጭኔ ላይ አላስቀምጥም። ብርዱም እንደዚያው ነው። ጣቶቼ ቢደነዝዙ አይነግሩኝም። ሌሊት ካልሲዬን አውልቄ በባትሪ አያቸዋለሁ። ጉዳታቸው ከደረት አጋማሽ ከፍ ያለ ሰዎች ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው። ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቧቸው ቢጠማዘዝና ፊኛቸው ቢሞላ የደም ግፊታቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ያልባቸዋል። ወዲያው ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ ማድረግ፣ ልብሳቸውን ማላላት፣ ካቴተሩን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ካልተፈታ ለሕይወት ያሰጋል። አብሮ የሚሄደው ሰው ይህን ከቤት ሳይወጣ ማወቅ አለበት። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው።

ጀማሪዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሽንት ቤቱስ?

አንጋፋው፦ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም፤ የጥያቄዎቹ ሁሉ አውራ እሱ ነው። ስንቱ የእኛ ሰው ከቤት የማይወጣው ሽንት ቤት ፈርቶ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከወጣም ውኃ አይጠጣም። ከዋዜማው ጀምሮ ከንፈሩን እያረጠበ ይውላል። ከፍታ ላይ ደግሞ ገላ ውኃ ቶሎ ያጣል፤ ውኃ ያጣ ፊኛ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ጉዞው ሁሉ ቀረ። እኔ ታጣፊ የመጸዳጃ ወንበር አለኝ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ጠባብ ድንኳን አለኝ፣ ቆሻሻውን ይዤ የምመለስበት ጠንካራ ከረጢት አለኝ። ካምፕ ስደርስ ከሁሉ በፊት የሚተከለው ያ ጠባብ ድንኳን ነው። እሱ ከቆመ በኋላ ውኃዬን እንደ ሰው እጠጣለሁ። ካቴተርና የእጅ ማጽጃ ከሚያስፈልገኝ እጥፍ እይዛለሁ፤ አንዱ ቦርሳ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር በሁለት ቦርሳ ከፍዬ።

ጀማሪዋ፦ እና ከመኪናው እስከ ድንኳኑ? አሸዋ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን?

አንጋፋው፦ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። መቶ ማይል ተራራ የተሻገረ ሰው ሃያ እርምጃ ላይ ይሸነፋል። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ጠጠር ላይ ይቀረቀራሉ፣ ሰውየው በፊቱ ይደፋል። ከፊት የሚገጠም አንድ ትልቅ ጎማ አለ፤ ሲገጠም ትንንሾቹን ከመሬት ያነሣቸዋል፤ እሱ ብዙ ለውጦልኛል። የኋላዎቹንም በሰፋፊ የተራራ ብስክሌት ጎማ ቀይሬያለሁ። መኪና አሸዋ ሲይዘው ጎማ ሥር የሚነጠፉት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አሉ አይደል? እኔ አራት እይዛለሁ። መኪናው ሳይያዝ ሲቀር ከበሩ እስከ ድንኳኑ ደርድሬ መንገድ አደርጋቸዋለሁ። አንቺም ትፈልጊያቸዋለሽ። የሰው ሠራሽ እግር ቁርጭምጭሚት የመሬቱን ዘመም ማለት አይሰማም፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ።

ጀማሪዋ፦ ቁልቁለትማ ጠላቴ ነው። ግን ጋሼ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰው ፊት እግሬን አውልቄ አላውቅም። አብረውኝ የሚሄዱት የሥራ ጓደኞቼ ናቸው፤ ሱሪ ለብሼ ነው የሚያውቁኝ።

አንጋፋው፦ ሳታወልቂ ልትውይ ነው ያሰብሽው?

ጀማሪዋ፦ እስከ ማታ።

አንጋፋው፦ አትችይም ልጄ፤ ይህን የምልሽ ልብሽን ለመስበር አይደለም። ስትራመጂ ጉማጅሽ ላይ የሚጠለቀው የሲሊኮን ላይነር ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፤ ላቡ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ቆዳ ይፈገፈጋል፣ ይቋጥራል። ያ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን እግርሽን ማድረግ አትችይም። በየዕረፍቱ ማውለቅ፣ ላቡን መጥረግ፣ ቆዳውን ማናፈስ ግድ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትራመጂ ደግሞ ጉማጁ ይከሳል፣ የሚገባበት ሶኬት ይሰፋብሻል፤ ስስ ካልሲ እየደረብሽ ማጥበቅ አለብሽ። ሁለተኛ ላይነር ያዢ። ሌሊት ከገላሽ ጋር መኝታ ከረጢትሽ ውስጥ ይደር፤ ካልሆነ ጠዋት ላይ በረዶ የሆነ ሲሊኮን ነው ቆዳሽ ላይ የምታጠልቂው። ክራንችሽን እንዳትረሺ፤ ጫፉ ሰፊ የሆነውን። እግርሽ ባይመችሽ በእሱ ትውያለሽ።

ጀማሪዋ፦ የሚያዩኝ ዓይኖች ግን...

አንጋፋው፦ ያዩሻል። መጀመሪያ ላይ ያዩሻል። እኔም ሰው ተሸክሞ ከአሸዋ ያወጣኝን ቀን አልረሳውም፤ ፊቴን የት እንደማዞር ጠፍቶኝ ነበር። የሚበጅሽ ከመሄድሽ በፊት መንገር ነው። “በየተወሰነ ሰዓት እንቆማለን፣ እግሬን አወልቃለሁ፣ ከዚያ እንቀጥላለን” በያቸው። የጉዞው ፕሮግራም አካል አድርጊው። አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። ሂዩ ኸር ይባላል፤ ተራራ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ማውንት ዋሽንግተን ላይ በበረዶ ማዕበል ጠፍቶ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ለዓለት የሚሆኑ እግሮች ለራሱ ሠራ፤ ለጠባብ ስንጥቅ ቀጭን፣ ለበረዶ ግግር ሹል። ከመቆረጡ በፊት ያልወጣቸውን ዓለቶች ከተቆረጠ በኋላ ወጣቸው። አሁን ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ የሰው ሠራሽ እግር ተመራማሪ ነው። እሱን ሁኚ አልልሽም። እግርሽ እንደ ጫማሽ ሁሉ ለቦታው የሚመረጥ ዕቃ መሆኑን እንድታዪ ብዬ ነው።

ጀማሪዋ፦ ሸክም መሆንስ? አንዱ ጓደኛዬ “ምንም አትንኪ፣ እኛ እናደርገዋለን” ብሎኛል። ቅን ልጅ ነው፤ ግን ሰማሁና ቀዘቀዝኩ።

አንጋፋው፦ ተራራ ላይ ማንም ብቻውን መሄድ የለበትም፤ ይህ የአካል ጉዳተኛ ሕግ አይደለም፣ የተራራ ሕግ ነው። ክሪክ አስገብቼ የመኪናውን ጎማ መቀየር አልችልም፤ የሚቀይርልኝ አለ። እኔ ደግሞ ካርታ አነባለሁ፣ በሳተላይት መልእክት የሚልከው መሣሪያ እኔ ዘንድ ነው፣ የመኪና መጎተቻውን ዊንች በሪሞት የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንደኛው መኪና ድንጋይ ላይ ሲወጣ ከመስኮት ሆኜ መስመር የማሳየው እኔ ነኝ። ሥራ ውሰጂ። ምግቡን፣ ነዳጁን፣ መንገዱን፤ የቻልሽውን። ደግሞ የመመለሻውን ውሳኔ ለማንም አትስጪ። ዝናብ ሲመጣ “እንመለስ” ወይም “እንቀጥል” ሲባል ድምፅሽ እኩል ይቆጠር። ሰው የሚያዝነው እርዳታ ሲቀበል አይደለም፤ ስለ ራሱ ጉዳይ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ጀማሪዋ፦ ፓርኮቹስ ያስገቡናል? ዱር ውስጥ ሞተር ክልክል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንጋፋው፦ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የአሜሪካ የዱር ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ሞተር ብቻ ሳይሆን ብስክሌትም ክልክል ነው። ዊልቸር ግን አልተከለከለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤ ዲ ኤ የሚሉት፣ በግልጽ ጽፎታል፦ ለመንቀሳቀስ ለሚቸገር ሰው ብቻ የተሠራና ቤት ውስጥም የሚያገለግል ከሆነ ባለሞተርም ቢሆን ይገባል። መንገድ ጥረጉለት ግን አይልም፤ በር ይከፍታል እንጂ ድንጋይ አያነሣም። ለብሔራዊ ፓርኮቹ አክሰስ ፓስ የሚባል ካርድ አለ። ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ዜጋና ቋሚ ነዋሪ በነፃ ይሰጣል፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ መኪናው ውስጥ ያሉትንም ያስገባል፤ በብዙ ቦታ የካምፕ ኪራይ በግማሽ ይቀንሳል። አንቺም ይገባሻል። እዚሁ ቅርባችን ስቶንተን ስቴት ፓርክ ደግሞ እንደ ቡልዶዘር በሰንሰለት የሚሄድ የኤሌክትሪክ ወንበር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፃ ያውሳል። ጂፑን ከመግዛትሽ በፊት እዚያ ሄደሽ አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ዋይ። ረጅም መንገድ በእግር ሲከብድሽ ይጠቅምሻል።

ጀማሪዋ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ “ልጄ፣ ጎመን በጤና” አለችኝ። “የተረፈችውን እግርሽን ይዘሽ ቤትሽ ተቀመጪ።”

አንጋፋው፦ እናት ናት፤ ሞትሽን አይታ የተመለሰች እናት ናት። አትቆጫት። ግን ሻምበል አበበ ቢቂላን አስታውሻት። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ዳግመኛ አልቆመም። በ1971 ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ተጋብዞ ሄደ፤ እዚያ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። የሮምና የቶኪዮ ድሉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ይህንን ግን ስንቱ ያውቃል? እኛ ታሪኩን አደጋው ላይ እንዘጋዋለን። ለእኔ ትልቁ ድሉ የኖርዌዩ ነው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ፣ ባዕድ በረዶ ላይ፣ ዱር መሃል።

ጀማሪዋ፦ ይህንን እነግራታለሁ። ግን ጋሼ፣ ልከራከርዎት ነው። ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው። አገር ቤት ዊልቸር ያለው ሰው መንገድ መሻገር አቅቶት፣ ታክሲ አልጭንም እያለው፣ እኛ ስለ ተራራ ስናወራ ቅንጦት አይሆንም?

አንጋፋው፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ነገር ግን ገጠር የሚኖረውን አስቢ። ዊልቸሩን ይዞ ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ የሚጠብቀው ጭቃ፣ ቦይና ጠጠር ነው። አስፋልት የለም። ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ ከአልፓይን ሉፕ ሊከብድ ይችላል። እኛ ለመዝናናት የምንገባበት ኮረኮንች ለእሱ የዘወትር ኑሮው ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ። ዛሬ አሜሪካኖች ለተራራ የሚገዙት፣ በሁለት ረጃጅም ዘንግ እየተገፋ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ወንበር አለ። መነሻው አንድ የኤም አይ ቲ ተማሪ ታንዛኒያ ሄዶ የገጠር ዊልቸር ተጠቃሚዎች የሚቸገሩበትን ማየቱ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ተሞከረ፤ የትም መንደር እንዲጠገን በብስክሌት ዕቃ ተሠራ። ለአፍሪካ ገጠር የታሰበ ነገር ነው አሜሪካ መጥቶ የመዝናኛ ዕቃ የሆነው። ስለዚህ ቅንጦት አትበይው። ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ዊልቸር ከማንም በፊት የሚያስፈልገው አገር የእኛ ነው።

ጀማሪዋ፦ እና እርስዎ አገር ቤት ቢሄዱ የት ይወጣሉ?

አንጋፋው፦ ባሌ። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴ የሚባለውን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መኪና የሚሄድበት ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ጫፉ ድረስ የመኪና መንገድ አለ። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች በአንዱ ላይ ዊልቸር ያለው ሰው በመኪና መድረስ ይችላል። ሜዳው ጅባራ በጅባራ ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት መራመድ አያስፈልግሽም፤ ፍልፈል እያደነ መኪናሽ አጠገብ ያልፋል። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያው ባሌ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል። ብርዱ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚሆን የነገርኩሽን ሁሉ በእጥፍ ነው የማደርገው። ትራሴንም ወደ ሐረና ስወርድ እንደገና እነፋለሁ።

ጀማሪዋ፦ ማረፊያውስ? ሽንት ቤቱስ?

አንጋፋው፦ የምፈራው እሱን ነው፤ ተራራውን አይደለም። ሕጉ አለን። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ካዘዘ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስለ መዝናኛና ስለ ቱሪዝም ቦታዎች በስም ጠርቶ ይናገራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳው እየበዛ ነው የሚመጣው። ለእንግዳው አዲስ ማረፊያ ሲሠራ በሩን ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ማድረግ ከስድሳ ያን ያህል ወጪ አይበልጥም፤ ከተሠራ በኋላ ግንብ ማፍረስ ነው ውድ የሚሆነው።

ጀማሪዋ፦ ለአገር ቤት አስጎብኚዎች ምን ይሏቸዋል? ስደውልላቸው “ችግር የለም፣ ተሸክመን እናስገባዎታለን” ነው የሚሉኝ።

አንጋፋው፦ ቅንነታቸውን አልጠላም። የምለምናቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አስጎብኚዎችንም፣ የሎጅ ባለቤቶችንም፣ የፓርክ ኃላፊዎችንም። ሜትር ይዛችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችሁን ዙሩ። የመኝታ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የሽንት ቤቱስ? መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ አለ? አልጋው ከመሬት ስንት ነው? ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ ያለው ጠጠር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ቁጥሩን ጻፉት፤ የሚያሳፍር ቢሆንም ጻፉት። ስንደውልላችሁ ያንን ቁጥር አንብቡልን። እንችላለን ወይም አንችልም የሚለውን እኛ እንወስናለን።